ስለ ይርጋ ጨፌ ቡና ስም የሆነው ነገር

በ1952 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌ በምትገኝበት በጌዴኦ ምድር ገበሬው ለባለ ርስት የሚሰፍረው ቡና ቢበዛበት፣ ጦሩን ይዞ ተነሣ፤ ሚጪሌ በተባለ ቦታም በጠመንጃ ተመታ። ልጆቹ የገጠሙት ሙግት ግን በስም ላይ ነበር፤ አመጣጡም እንዲህ ነው።

ከዲላ በስተ ደቡብ፣ ከወናጎ ወዲያ፣ የይርጋ ጨፌ ቡና ከእንሰት ጋር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ቀዩ እሸት በእጅ ተለቅሞ ይፈለፈላል፣ በገንዳ ይብላላል፣ ታጥቦም በሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። አልጋውን ከበው የሚቆሙ ሴቶች ፀሐይ ሲከር ይሸፍኑታል፤ የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ በጣታቸው እየለቀሙ ይጥላሉ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እንዳሉ ነው።

በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወድቆ ሳለ፣ የጌዴኦ ዞን የገበሬ ማኅበራት የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን አቆሙ። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ዋና ዳይሬክተር ሳሉ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉት የቡና ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተ። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ቡና ሻጭ ግን ሲዳሞ የሚለውን ቃል የያዘ ስም ቀድሞ አስገብቶ ነበር፤ ያንንም ቡና ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን እስከ 26 ዶላር ይሸጠው ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም የኢትዮጵያን ማመልከቻ ተቃወመ። ይርጋ ጨፌ በነሐሴ 1998 ተመዘገበ፤ ሲዳሞ ተከለከለ።

ጥቅምት 16 ቀን 1999 ዓ.ም. ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት ነገሩን ለሕዝብ አወጣው። እንዲህ ያለ ዘመቻ ቀድሞም ነበር፤ በካሊፎርኒያ የወይን ለቃሚዎች ማኅበራቸው እንዲታወቅላቸው በታገሉ ጊዜ የአሜሪካ ሕዝብ ወይን አንገዛም ብሎ ነበር፤ በ1962 ዓ.ም. ባለ እርሻዎቹ ከማኅበሩ ጋር ተፈራረሙ። አሁን ግን ኦክስፋም ጠጪውን ስኒህን ጣል አላለውም፤ ለኩባንያው ተናገር አለው እንጂ። ከ90,000 በላይ ሰዎችም ጻፉ፣ ደወሉ፤ አንዳንዶችም ታኅሣሥ 7 ቀን በኩባንያው ሱቆች ደጅ ቆሙ። በዚያው ሰሞን የኩባንያው አለቃ ጂም ዶናልድም አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ጋር ተነጋገረ።

ሰኔ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኩባንያው የተዋዋሉት ውል ተገለጠ፤ ስታርባክስ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀበለ። የገበሬውን ቡና ስም ባሕር ማዶ ያስከበረለት ይህ ውል ነው፤ ታላቅ ነገር ነው እላለሁ። ነገር ግን ኢትዮጵያ ስሞቹን ያለ ክፍያ አስጠቀመች እንጂ የገበሬው ዋጋ በውሉ አልተቆረጠም፤ አልጋውን ከበው የሚውሉት ሴቶች የቀን ምንዳም ከሙግቱ ውጭ ቀረ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ በደል ነው።