የስቲከር መቁረጥ ሥራ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል? ማሽኑ ሲያስቸግርስ?

ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲዎች ጥቅስ እስከ ናይሮቢ ማታቱዎች ጌጥ፣ ከካፌ መስታወት እስከ ክሊኒክ በር፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች መንገደኛው በየዕለቱ የሚያነበው ብዙው ጽሑፍ ከቀጭን ፕላስቲክ ላይ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። ፕላስቲኩ ቪኒል ይባላል፤ ገበያው ግን የሚያውቀው 'ስቲከር' በሚለው ስሙ ነው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ መቁረጫ ማሽንና ጥቂት ጥቅል ስቲከር ካሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መጀመር ይቻላል። በቁጠባ ወይም በብድር ገንዘብ ሥራ ለመፍጠር የሚያስቡ ወጣቶች ዓይናቸውን የሚጥሉበትም ለዚህ ነው።

ይሁንና ጀማሪውን ለኪሳራ የሚዳርገው የደንበኛ እጦት ብቻ አይደለም። ተበላሽቶ በራስ ወጪ የሚደገም ሥራ ትርፉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የጥፋቱ መንስኤም ብዙውን ጊዜ የማሽኑ ብልሽት ሳይሆን ያለቦታው የተመረጠ ስቲከር፣ የደነዘዘ ምላጭ ወይም በጥድፊያ የተጫነ ጥቅል ነው።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

ከኮምፒውተር በፊት ታፔላ የሚጻፈው በብሩሽና በቀለም ነበር፤ ሙያው በቀጣናው ዛሬም አልጠፋም። በአውሮፓውያኑ 1983 ገርበር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፊደላትን ከቪኒል ላይ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ ማሽን ለገበያ አቀረበ። የኩባንያው መሥራች ጆሴፍ ገርበር በ1924 ቪየና ተወልደው፣ ከናዚዎች ሸሽተው በ1940 አሜሪካ የገቡ መሐንዲስ ነበሩ።

መሠረታዊ አሠራሩ እስካሁን ብዙም አልተለወጠም። ሻካራ የብረት ዘንግና ከላይ የሚጫኑ ትናንሽ ጎማዎች ጥቅሉን ወደፊትና ወደኋላ ይስቡታል፤ ምላጩን የያዘው ጭንቅላት ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመላለሳል። ምላጩ ስቲከሩን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን የጀርባ ወረቀት ሳይበጥስ መተው ይኖርበታል። የተለመደው ስቲከር ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ የሙያው ጥንቃቄ ሁሉ በዚህ ስስ ልክ ላይ ያረፈ ነው።

ማሽን ሲመረጥ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ስፋት ነው፤ 61 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን የተለመደ ጥቅል የሚቀበል ማሽን ለአነስተኛ ሥራ በቂ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ነው። በርካሾቹ ማሽኖች ላይ የሚገኘው ስቴፐር ሞተር ድምፁ የጎላ ሲሆን በረጅም ሥራ ላይ ይበልጥ ሊስት ይችላል፤ ሰርቮ የሚባለው ጸጥተኛና ትክክለኛ ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። ምላጩ፣ የምላጩ መያዣና ጎማው በከተማው ገበያ የማይገኝ ማሽን በርካሽ ቢገዛም መጨረሻው ውድ ነው።

የትኛው ስቲከር ለየትኛው ሥራ?

ስቲከር ሁሉ አንድ አይደለም። በርካሹ ዓይነት ፕላስቲኩ በሮለሮች መካከል ተዳምጦ የሚሠራ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ይኮማተራል፤ ጠርዙም ይነሳል። ለጊዜያዊ ማስታወቂያና ለቤት ውስጥ ጽሑፍ ያገለግላል። ፖሊመሪክ የሚባለው መካከለኛ ዓይነት ጠፍጣፋ ለሆነ የውጭ ታፔላ ይመረጣል። ካስት የተባለው ደግሞ ፈሳሹ ፈስሶ የሚደርቅ በመሆኑ ቀጭንና ልስልስ ነው፤ ጎበጥና ሰርጎድ ባለ የመኪና አካል ላይ ሳይነሳ የሚቆየውም እርሱ ነው።

አምራቾች የሚገልጹት የአገልግሎት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ለቆመ ገጽና ለመካከለኛ የአየር ንብረት የተሰላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ፣ በተለይም ፀሐይ በቀጥታ በምታርፍበት የመኪና ኮፈን ላይ፣ ስቲከሩ ቀድሞ ይደበዝዛል። ስለዚህ 'አምስት ዓመት' ተብሎ የተገዛን ስቲከር ለደንበኛ በአምስት ዓመት ዋስትና መሸጥ ለጠብ ይዳርጋል።

የግዕዝ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው

መቁረጫ ማሽን ፎቶግራፍ አይቆርጥም፤ የሚከተለው መስመር ብቻ ነው። በመሆኑም ንድፉ በቬክተር መልክ መዘጋጀት አለበት። ለዚህም ኢለስትሬተርና ኮረል ድሮው የታወቁ ናቸው፤ ኢንክስኬፕ ደግሞ በነጻ ይገኛል።

በአማርኛና በትግርኛ ጽሑፍ ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደላቱን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። በዚያ ዘዴ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 ሲሆን፣ አዳዲሶቹ ፎንቶች ይህ ችግር የለባቸውም። ያም ሆኖ ፋይሉ ወደ ማሽኑ ከመላኩ በፊት ፊደላቱን ወደ መስመር መለወጥ አስተማማኝ ነው።

ሌላው ጣጣ የፊደሉ ቅርጽ ነው። ካዕብን፣ ሣልስንና ኃምስን ከግዕዙ የሚለየው ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው። ትርፉ ስቲከር በወረንጦ ሲለቀም ያች ጭረት አብራ ከተነሳች 'ቡና' የነበረው 'በና' ይሆናል። ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር በቀላሉ ስለሚነሳ፣ ለትናንሽ ጽሑፎች ወፈር ያለ ፎንት መምረጥ ይበጃል። የሚነባበሩ መስመሮችም ከመቆረጣቸው በፊት አንድ ላይ ሊዋሐዱ ይገባል፤ አለዚያ ምላጩ ፊደሉን መሐሉ ላይ ይቆርጠዋል።

ማሽኑ ሲያስቸግር

ዋናው ደንብ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ጉልበቱንም ፍጥነቱንም ምላጩንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢፈታ እንኳ መንስኤውን አያውቅም።

ቆርጦ ካልጨረሰ፦ መጀመሪያ የምላጩ ጫፍ ይጸዳል፤ የተጠራቀመ ሙጫና ብጣሽ ስቲከር ይገኝበታልና። ቀጥሎ ከመያዣው ምን ያህል እንደወጣ ይታያል። ትክክለኛው ልክ ስቲከሩ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ በጀርባ ወረቀቱ ላይ ፈዘዝ ያለ ጭረት ብቻ ሲቀር ነው። የምላጩ ጉልበት የሚጨመረው ከዚህ በኋላ፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ያም ካልበቃ ምላጩ ደንዝዟል ማለት ነው።

የጀርባ ወረቀቱን ከበጣጠሰ፦ ምላጩ ከልክ በላይ ወጥቷል ወይም ጉልበቱ በዝቷል። በዚህ ሁኔታ መቀጠል ከምላጩ ሥር የተነጠፈውን የመቁረጫ ንጣፍም ይጎዳል። በአንድ በኩል ቆርጦ በሌላው በኩል የሚስት ማሽን ብዙ ጊዜ ይህ ንጣፍ ተቦርቡሮበታል፤ ንጣፉ ለብቻው ይለወጣል።

ማዕዘኑ ከዞረ ወይም ክቡ ካልገጠመ፦ የምላጩ ስለት ከመሽከርከሪያ ማዕከሉ ትንሽ ራቅ ያለ ነው። ለብዙዎቹ ምላጮች ርቀቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በማሽኑ ወይም በሶፍትዌሩ ውስጥ በትክክል መሞላት አለበት። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ምላጩ በመያዣው ውስጥ በነጻነት መዞሩ ይፈተሻል።

ረጅም ሥራ ወደ ጎን ከሄደ፦ ጥቅሉ ቀጥ ብሎ አልገባም ወይም ጎማዎቹ እኩል አልተጫኑም። ለሥራው የሚበቃው ርዝመት አስቀድሞ ከጥቅሉ ተፈቶ ላላ ማለት አለበት፤ ማሽኑ ከባዱን ጥቅል ራሱ እየጎተተ እንዲፈታ ከተተወ ይንሸራተታል። ከመቁረጥ በፊት ሙሉውን ርዝመት ያለምላጭ ወደፊትና ወደኋላ ማስኬድ ስህተቱን በነጻ ያሳያል።

መሐል ላይ ከቆመ ወይም ያልታዘዘ መስመር ከሳለ፦ ጥርጣሬው ወደ ኬብሉ ይዞራል። የዩኤስቢ ኬብሉ አጭርና ጥሩ መሆኑ፣ ኮምፒውተሩ በሥራ መካከል እንዳያንቀላፋ መደረጉ፣ የፍጥነትና የወደብ ቁጥሩ በሶፍትዌሩና በማሽኑ ላይ አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ግራውንድ ከሌለው ከፕላስቲኩ ፍትጊያ የሚነሳው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማሽኑን ሊያደናግር ይችላል።

ልኩ ከተዛባ፦ 100 ሚሊ ሜትር በ100 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ ቆርጦ በማስመሪያ መለካት ይበቃል። 98 ከወጣ መስተካከል ያለበት የማሽኑ የርዝመት ቅንብር ነው።

መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ ዩፒኤስ እንደ ቅንጦት አይታይም። ብዙዎቹ ማሽኖች መብራት ሲጠፋባቸው የነበሩበትን ቦታ ስለሚረሱ፣ ግማሽ ላይ የደረሰው ሥራ እንዳለ ይጣላል። ትልልቅ ሥራዎችን ከፋፍሎ መላክም ጉዳቱን ይቀንሳል።

መለጠፉም ሙያ ነው

በትክክል የተቆረጠ ስቲከር በመለጠፍ ጊዜ ሊበላሽ ይችላል። ገጹ ከአቧራና ከቅባት በአልኮል ይጸዳል፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ብረት ከሆነ ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ለብዙ ስቲከሮች የሙቀት መጠኑ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆን የለበትም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ በደጋው ለዚህ አይመችም። እንደ ጅቡቲና ሞምባሳ ባሉ ሞቃት ከተሞች ደግሞ በፀሐይ የጋለ ብረት ሙጫውን ገና ሳይስተካከል ያጣብቀዋል፤ በጥላ ወይም በማለዳ መሥራት ይመረጣል። በመስታወት ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውሃ መርጨት ስቲከሩን አንሸራትቶ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል።

ዋጋ እንዴት ይተመናል?

61 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል 30.5 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛው በብጣሽና በስህተት ቢባክን ለሽያጭ የሚቀረው 24.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለምሳሌ በካሬ ሜትር 100 ብር የተገዛ ስቲከር እውነተኛ ዋጋው 125 ብር ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ማስተላለፊያው ቴፕ፣ ምላጩ፣ መብራቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ከሁሉም በላይ በንድፍ፣ በመልቀምና በመለጠፍ የሚያልፈው ሰዓት ይታሰባል። ጥቃቅን ፊደላት የሞሉበት ትንሽ ጽሑፍ ከአንድ ትልቅ ቃል ይልቅ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ በካሬ ሜትር ብቻ መተመን ያከስራል።

ስቲከሩ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በኢትዮጵያ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በፕሮፎርማ ላይ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን መጻፍና ቢያንስ የዕቃውን ወጪ የሚሸፍን ቀብድ መቀበል ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ቃላቱ በትክክል መጻፋቸውን ደንበኛው አይቶ እንዲፈርም ማድረግም በፊደል ስህተት ምክንያት የሚመጣን ክርክር ይዘጋል።

ፈቃድና ጤና

ከንግድ ፈቃድና ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሌላ፣ በቀጣናው ብዙ ከተሞች ታፔላ በውጭ ለመስቀል የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ ከደንበኛው ጋር አስቀድሞ መስማማት ይገባል። የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት፣ የመንግሥት ተቋም አርማ ወይም የተሽከርካሪ ሰሌዳ ያለፈቃድ መቁረጥ በሕግ ያስጠይቃል።

ቪኒል ከፒቪሲ የሚሠራ በመሆኑ በውስጡ ክሎሪን አለ። ብጣሹ ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳ አሲዳማ ጋዝና ዳይኦክሲን የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ በግቢ ውስጥ መቃጠል የለበትም። በዚሁ ምክንያት ፒቪሲ በሌዘር ማሽን አይቆረጥም፤ ጋዙ ሠራተኛውን ከመጉዳቱም በላይ ማሽኑን ያዝጋል።

ከማሽኑ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ለጀማሪው ብዙ ይጠቅማል። የስቲከሩ ዓይነት፣ የምላጩ ጉልበት፣ ፍጥነቱና ምላጩ የተለወጠበት ቀን ከተመዘገቡ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ሲያስቸግር ፍተሻው ከባዶ አይጀመርም። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት በጥቅሉ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ ቆርጦ መሞከርም የሚያባክነው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስቲከር ብቻ ነው።