ዮጋ፦ ከጥንታዊ ፍልስፍና ወደ ሕክምና ምርመራ

በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ኮሚቴ ጉባኤ፣ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከሰፈሩት መካከል የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትና የህንድ ዮጋ ይገኙበታል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ለምትገኘው ለዱከም ነዋሪ ገዳ የገዛ ቅርሱ ነው፤ ዮጋ ግን የሩቅ አገር ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ በፋብሪካ ቆሞ የሚውል ሠራተኛ ወይም በአዳማ መንገድ ከባድ መኪና የሚያሽከረክር ሾፌር፣ በወገብ ሕመም ምክንያት ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ ዮጋ ይጠቅመው እንደሆነና ከእምነቱ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የዮጋን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ይረዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዮጋ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ከ«ማጥመድ» የመጣ ነው። ገበሬ በሬን በቀንበር እንደሚያጠምድ ሁሉ፣ የሚባዝን ሐሳብን ሰብስቦ መግራትን ያመለክታል። ከ1,500 ዓመታት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚገመተውና በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው ድርሳን ስምንት ክፍሎችን ይዘረዝራል፤ ከሥነ ምግባር ተነሥቶ፣ በአቀማመጥና በአተነፋፈስ አልፎ፣ እስከ ጥልቅ ተመስጦ ይደርሳል። ወደ 200 ከሚጠጉት የድርሳኑ አጫጭር አንቀጾች መካከል ስለ አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ እንኳ የሚያብራራው 15 አቀማመጦችን ነው። እንግዲህ ዛሬ በየስፖርት ቤቱ የሚታየው ዮጋ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ አይደለም።

ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1893 ቺካጎ ላይ ባደረጉት ንግግር ታዋቂነትን ካገኙ በኋላ ዮጋን ለምዕራባውያን ሲያስተምሩ፣ ትኩረታቸው በአእምሮ እንጂ በአካል እንቅስቃሴ ላይ አልነበረም። የአካሉ ክፍል ጎልቶ የወጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1924 ስዋሚ ኩቫላያናንዳ ህንድ ውስጥ ሎናቭላ ላይ የምርምር ተቋም መሥርተው የዮጋን ልምምዶች በራጅና በግፊት መለኪያ መመርመር ጀመሩ። በ1930ዎቹ ደግሞ ክሪሽናማቻርያ በማይሶር ቤተ መንግሥት አቀማመጥን ከአተነፋፈስ ጋር አቀናጅተው ወጣቶችን አስተማሩ። የዘመኑ የጂምናስቲክ ባህልም በዚህ ትምህርት ላይ አሻራውን እንዳሳረፈ የታሪክ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ።

ለሐኪም ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው ግን የልብ ምርመራው ታሪክ ነው። በ1935 ፈረንሳዊቷ የልብ ሐኪም ቴሬዝ ብሮስ የልብ ኤሌክትሪክ መቅረጫ ይዘው ወደ ህንድ ተጓዙ፤ ልብን በፈቃድ ለማቆም እስከ መቃረብ ይቻላል የሚል ግምት የሚያሳድር ውጤትም ይዘው ተመለሱ። ዌንገር፣ ባግቺና አናንድ ጉዳዩን እንደገና መርምረው በ1961 ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ተለማማጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው የደረትና የሆድ ጡንቻቸውን ሲያጠብቁ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ የእጅ ትርታው ይጠፋል፤ የልብ ድምፅም በማዳመጫ አይሰማም። የኤሌክትሪክ ቅጂው ግን ልብ ሥራዋን እንዳላቋረጠች ይመሰክራል። ተአምር የተባለው ነገር በፊዚዮሎጂ ተብራራ፤ ሰው በትንፋሹ አማካይነት የደም ዝውውሩን ሊነካ የመቻሉ እውነት ግን ጸና።

በ2001 የጣልያኑ ሐኪም በርናርዲና ባልደረቦቹ 23 ጤነኞችን መርምረው፣ የካቶሊካውያን የመቁጠሪያ ጸሎትም ሆነ የዮጋ ድግምት ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ እንደሚያደርግና የደም ግፊትን የሚቆጣጠረውን የነርቭ ምላሽ እንደሚያጠናክር አሳዩ። ሰውነት ለእርጋታው መልስ የሚሰጠው በቃሉ ምንነት ሳይሆን በትንፋሹ ዝግታ ነው። ስግደትን ስግደት የሚያደርገው የሰጋጁ ሐሳብ እንደሆነ ሁሉ፣ የጀርባ ማፍታቻ እንቅስቃሴም በራሱ አምልኮ አይሆንም። ያም ሆኖ ሥሩ በህንድ ሃይማኖታዊ ፍልስፍና ውስጥ ስለሆነ፣ ኅሊናው ያልፈቀደለትን ታካሚ ማስገደድ አይገባም፤ ሌላ እንቅስቃሴ አለና።

ሌላ እንቅስቃሴ አለ የምንለውም በማስረጃ ነው። በ2022 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ለረጅም ጊዜ በቆየ የወገብ ሕመም ላይ የተደረጉ 21 ሙከራዎችንና 2,223 ተሳታፊዎችን አካቷል። ምንም እንቅስቃሴ ካለማድረግ ጋር ሲነጻጸር የዮጋ ጥቅም በአማካይ ትንሽ ነው፤ ከሌላ የወገብ እንቅስቃሴ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ እምብዛም ልዩነት የለውም። አንዳንዱንም ሰው ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል።

በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ምርመራን መዝለል ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት የወገብ ሕመምተኛ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊኖረው ይችላል፤ እግሩ የዛለ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ደግሞ አስቸኳይ ሕክምና ያሻዋል። እነዚህን ምልክቶች ሳይጠይቁ እንቅስቃሴ ማዘዝ፣ ሳይመረምሩ ማስታገሻ መርፌ ወግቶ ከመሸኘት አይሻልም። ግላኮማ ላለበት ሰው ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያዘቀዝቁ አቀማመጦች መከልከል አለባቸው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትም በዮጋ ሰበብ አይቋረጥም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ቀላል የሚመስል ቁም ነገር ነው። ሾፌሩ ትከሻው ሲጠነክር፣ ሠራተኛዋም ትንፋሿ ሲያጥር ሕመሙ ሳይጸና ማስተዋልን ይማራሉ። የጥንቶቹ መምህራን ወደ ውስጥ መመልከትን የነፍስ መንገድ አድርገውት ነበር፤ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ ታካሚው የገዛ ሰውነቱን የሚያዳምጥበት፣ እኛም እርሱን የምናዳምጥበት በር ነው።