አህመድ ፋራስ፣ ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ ያነሳው አምበል
ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ 1968 ዓ.ም.

የሞሮኮው አጥቂ አህመድ ፋራስ በ1939 ዓ.ም. ሞሐመዲያ ከተማ ተወለደ። የክለብ ዘመኑን በሙሉ ለከተማው ቡድን ለሸባብ ሞሐመዲያ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 የፍራንስ ፉትቦል መጽሔት የአፍሪካ ኮከብ አድርጎ መረጠው፤ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ሞሮኳዊ ነው።

በተከታዩ ዓመት ኢትዮጵያ 10ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጀች። ሞሮኮ ውድድሩን ድሬዳዋ ጀምራ አዲስ አበባ ጨረሰች። የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም፤ ዋንጫው በአራት ቡድኖች የነጥብ ፉክክር የሚለይ ነበር። መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. ጊኒ ሞሮኮን 1 ለ 0 መራች፤ ካሸነፈች ዋንጫው የእሷ ነው። በ86ኛው ደቂቃ ግን «ባባ» የሚባለው አህመድ መክሩህ አቻ አደረገ። አንዷ ነጥብ በቃች፤ ፋራስ የአገሩን የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫ ተቀበለ።



ፋራስ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ78 ዓመቱ ዐረፈ።