ከኤረር በር እስከ መዋኛው

የሐረር ግንብ ከጥንት የተዉለት አምስት በሮች አሉት። ወደ ምሥራቅ የሚያወጣው ኤረር በር ሲሆን ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። የታሪክ መጻሕፍት ይህን በር ሲያነሡ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ከዘይላ ተጉዞ የደረሰውን እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተንን ይጠራሉ። እኔ ግን በሩን ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ዳገቱን ይዘው የሚመጡት ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ሸክማቸውን ከግንቡ አስደግፈው ሲያርፉ አግኝቼ፣ «አያምሽም ወይ እናቴ?» አልኩ። (በሐረር አማርኛ «አንቱ» ብዙ ቦታ የለውም፤ ያደገበት ሰው ይታዘበኛል።)

«ያማል እንጂ! የማያመው ማን አለ? ለመድኩት እንጂ መቼ ተወኝ።»

ይህን መልስ ከዓመታት በኋላ ባልጠበቅሁት ስፍራ፣ ስለ ዋናተኞች በተጻፈ ጥናት ውስጥ አገኘሁት። ሐረር የዋና አገር አይደለችም፤ ውኃ ትቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆባት ነበር። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። በስኮትላንድ የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች የብሔራዊ ቡድን ዋናተኞችን፣ የክለብ ዋናተኞችንና የማይወዳደሩ ሰዎችን ወሰዱ። የደም ዝውውር እንዲቆም ክንዳቸውን ጠፍረው እጃቸውን እንዲጨብጡና እንዲዘረጉ አደረጓቸው።

ሕመሙ የሚጀምርበት ነጥብ በሦስቱም ዘንድ እምብዛም አልተለያየም። ልዩነቱ የታየው «በቃኝ» በሚባልበት ነጥብ ላይ ነው፤ የብሔራዊ ቡድኑ ዋናተኞች ከሁሉም ይልቅ ቻሉ። ከሁሉ የደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ያው ዋናተኛ በውድድር ወቅት ብዙ የቻለውን፣ ልምምዱ በላላበት ወቅት ያን ያህል አይችለውም። መቻል እንደ ጡንቻ ይገነባል፣ እንደ ጡንቻም ይሟሽሻል ማለት ነው።

እኛ ቻይነትን ከደም የሚወረስ አድርገን እናወራለን። ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ስናወራ በተለይ እንዲህ ነን። እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ከዚያም ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ይህን እንደ ተአምር እንተርከዋለን፤ ከኋላው ያለውን ከኦኒ ኒስካነን ጋር የተደረገ የዓመታት ልምምድ ግን እንዘለዋለን። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ያው አበበ ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አቋረጠ፤ የግራ እግሩ አጥንት ተጎድቶ ነበር። ድሉ የማሞ ወልዴ ሆነ። ያን ጊዜ የአበበ ቻይነት አልጠፋም፤ የተጎዳ አጥንት ግን በቻይነት አይጠገንም። ለእኔ ከቶኪዮው ሩጫ ይልቅ የሜክሲኮው ማቆም የበለጠ ያስተዛዝነኛል።

ዋናተኞቹ የሚያርፉበት ወቅት አላቸው። አሠልጣኙ ያውቅላቸዋል፣ የቀን መቁጠሪያውም ይፈቅድላቸዋል። የኤረር በሯ እናት ግን የውድድር ወቅታቸው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ስንት ጊዜ «በቃኝ» ለማለት እንደ ደረሱ የመዘገበላቸው የለም።

ያን ዕለት ሲነሡ ልሸከምላቸው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ገፋ አደረጉኝና፣ «ጫፉን ብቻ ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝኩላቸው። ወገባቸውን አስተካክለው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው በበሩ ገቡ።