እጅ በራስ ላይ ሲያልፍ፤ የትምህርት ቤት ደጅ በሀዲያና በከምባታ

ለመመዝገብ የመጣን ሕፃን መዝጋቢው በመጀመሪያ ምን እንደሚጠይቀው ቢመረመር፣ ያ ዘመን የማንን ልጅ ለማስተማር እንደተሰናዳ ይገለጣል። የሀዲያና የከምባታ ምድር ለዚህ ምርመራ በቂ ታሪክ አለው።

ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው ሥፍራ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከተያዘ በኋላ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ማዕከል ሆኖ ሆሳዕና ተሰኘ። ከሰፈሩ ጋር ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ጋር የቄስ ትምህርት ቤት መጣ። የቄስ ትምህርት ቤት ምዝገባና የመግቢያ ፈተና አያውቅም፤ ደጁንም በሕግ አልዘጋም። ይሁን እንጂ ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት እስከ መድገም የሚያደርሰው መንገድ ለወታደሩና ለካህኑ ልጅ የቤቱ ቋንቋና የቤቱ ሃይማኖት ሲሆን፣ ለአብዛኛው የገባር ልጅ ሁለቱም የሰው ቤት ነበሩ። ደግሞስ ልጁ ፊደል ሊቆጥር ቢሄድ ከብቱን ማን ይጠብቃል?

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሆሳዕና ላይ ጣቢያ ከፈተ፤ የካቶሊክ ካፑቺን አባቶችም በከምባታ ሥራ ጀመሩ። በእነዚህ ዘንድ የገባሩም ልጅ ተቀባይነት አገኘ፤ ሆኖም ትምህርቱ ከእምነቱ ጥሪ ተነጥሎ የቀረበ አልነበረም። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም የወጣው የሚሲዮን ደንብ አማርኛ ጠቅላላ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ሌላ ችግር ተደቀነ። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት አገር የሕፃን ዕድሜ በምን ይታወቅ? እናት ልጇን የወለደችው በእንሰት ፍቂያ ሰሞን ወይም ዝናብ በጠፋበት ዓመት መሆኑን ታስታውሳለች፤ መዝገቡ ግን ቁጥር ይሻል። ስለዚህ በመላው ኢትዮጵያ የሚታወቀው ፈተና ሥራ ላይ ዋለ፤ ሕፃኑ ቀኝ እጁን በራሱ አናት ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ይንካ! ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ከርሞ ይመለስ። ለነገሩ መሠረት አለው። የትንሽ ልጅ ራስ ከክንዱ ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ነው፤ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆን ክንዱ ይረዝማል። ይሁንና ምግብ የጎደለበትና ክንዱ ያጠረ የስምንት ዓመት ልጅ ሲመለስ፣ በደህና ቤት ያደገው መለሎ የአምስት ዓመት ልጅ ሊገባ ይችላል። በእኔ ግምት ግን ይህ ሸካራ መለኪያ ከኋለኞቹ አንዳንዶች ይልቅ ቅን ነበር፤ የአባቱን ኪስም ሆነ የእናቱን ቋንቋ አልጠየቀምና። ቋንቋው የሚጠይቀው ጆሮውን ነክቶ ከገባ በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ነበር።

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም ፈነዳ። ብዙም ሳይቆይ የግል ትምህርት ቤቶች የሕዝብ ሆኑ፤ በከተሞችም ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት አቋቋሙ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከእነዚያ መካከል ነበሩ፤ የሚጻፉትም በግእዝ ፊደል ነበር። ገበሬው በራሱ አፍ ማንበብ መቻሉ በዚህ አካባቢ ታሪክ ትልቅ ሥፍራ ይይዛል። ነገር ግን እውነቱ ሊደበቅ አይገባም። ዘመቻው ከማስገደድ የጸዳ አልነበረም፤ የሕፃናቱም መደበኛ ትምህርት እንደቀድሞው በአማርኛ ቀጠለ። አባት ማታ በሀዲይኛ ሲያነብ ልጁ ጠዋት በአማርኛ ይፈተን ነበር።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት በሮችን ባንድ ጊዜ ከፈተ። በአንደኛው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ገባ፤ ሀዲይኛና ከምባትኛም በላቲን ፊደል ይጻፉ ጀመር። በሁለተኛው የግል ባለሀብት ወደ ትምህርት ተመለሰ፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናት ትምህርትም በአመዛኙ ለእርሱና ለሃይማኖት ድርጅቶች ተተወ። መንግሥት በየትምህርት ቤቱ የዜሮ ክፍል ማስፋፋት የያዘው ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ነው። እነዚህ ሁለት በሮች ግን ወደ አንድ አዳራሽ አያስገቡም።

ተፈላጊ በሆነ የግል መዋዕለ ሕፃናት ደጅ ወላጅ የልደት ካርድና የክትባት ወረቀት ይዞ ይሰለፋል፤ ክፍያው ከታወቀ በኋላ ተራው የሕፃኑ ይሆናል። ስምህ ማን ነው? ይህ ቀለም ምንድን ነው? እስከ አሥር ቁጠር፤ በእንግሊዝኛስ? ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በቶኪዮም ወደ ታወቁ የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለመግባት ሕፃናት ይፈተናሉ፣ ወላጆችም ይጠየቃሉ። ተውኔት የሚጽፍ ሰው ይህን ሲያይ የሚያስታውሰው ልምምድን ነው። የአራት ዓመት ተዋናይ ያልተረዳውን ቃለ ተውኔት ሌሊቱን አጥንቶ፣ ጠዋት መድረክ ላይ ይቆማል። የሚመዘነው ያጠናው ልጅ ይመስላል፤ በእርግጥ የሚመዘነው ያስጠናው ቤት ነው። በዚያ ዕድሜ መታወቅ የሚገባው ሕፃኑ ከእናቱ ተለይቶ መዋል መቻሉ፣ መስማቱና ማየቱ፣ ከእኩዮቹ ጋር መጫወቱ ነው።

ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛ ልጁን የሚያስገባበት ስለሚሻ ሰልፉ ረዝሟል። በሰልፉ መካከል አያቷ በሀዲይኛ ተረት እያወራች ያሳደገቻት አንዲት ሕፃን ብትኖር፣ መምህርቷ የላም ሥዕል አሳይታ "ይህቺ ማን ናት?" ብላ በአማርኛ ትጠይቃታለች። ሕፃኗ የላሚቱን ስም በሀዲይኛ ታውቃለች፤ የምትበላውንም፣ የምትታለብበትንም ሰዓት ታውቃለች። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው "አልመለሰችም" የሚል ነው።