ለጊታር አምፕሊፋየር ምትክ ስፒከር ስንመርጥ ልናውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

በብዙ አጥቢያዎች መድረክ ጥግ ላይ አንድ የጊታር አምፕሊፋየር ይገኛል። ምናልባት ምዕመናን አዋጥተው የገዙት፣ ምናልባትም ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች የላኩት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ስፒከሩ መንጫጫት ይጀምራል፤ አንድ እሑድ ደግሞ ጨርሶ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ አንዱ፣ "ከአሮጌው ሞንታርቦ ፈትተን እንግጠምበት" ይላል፤ ሌላው፣ "ዋቱ ትልቅ የሆነው ይገዛ" ይላል። ምክሩ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም፣ ሳይመረመር የተገጠመ ስፒከር አምፕሊፋየሩን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል። ያን ጊዜ ለስፒከር የወጣው ገንዘብ ሳይበቃ ለጥገና ሌላ ገንዘብ ይጠየቃል። ገንዘቡ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነውና በማስተዋል ልናወጣው ይገባል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሙዚቃ ተጫዋቾች፣ ለድምፅ ክፍል አገልጋዮችና ግዢውን ለሚፈቅዱ ሽማግሌዎች ጭምር እንዲጠቅም ተዘጋጅቷል።

1. በእርግጥ የተበላሸው ስፒከሩ ነውን?

ከመግዛት በፊት መመርመር ይቀድማል። ዝም ያለ ሁሉ ስፒከሩ ተቃጥሏል ማለት አይደለም። የጊታሩ ኬብል፣ ጃኩ፣ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ሽቦ ወይም የላላ ብሎን ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። ለ120 ቮልት ተሠርቶ ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር ያለ ትራንስፎርመር በእኛ አገር 220 ቮልት ላይ ተሰክቶ ከነበረም፣ ጉዳቱን በመጀመሪያ መፈለግ ያለብን ከስፒከሩ ይልቅ በኃይል ክፍሉ ላይ ነው።

አምፕሊፋየሩን ከመብራት ንቀሉ፤ የስፒከሩን ሁለት ሽቦዎች ፈትታችሁ በቴስተር ለኩ። 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ያሳያል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የተጻፈው ቁጥር ድምፅ በሚያልፍበት ጊዜ ያለው ሲሆን፣ ቴስተሩ የሚያነበው የሽቦውን ብቻ ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው ጥምጥም ሽቦ ተበጥሷል። ቀጥሎም በሁለት እጅ ጣቶች የስፒከሩን ወረቀት በመሐሉ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ጥምጥሙ ከማግኔቱ ጋር እየተሻሸ ነው፤ ይህ ስፒከር መቀየር አለበት። በወረቀቱ ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ግን ስስ ወረቀትና ነጭ ኮላ ይበቃዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ አምፕሊፋየሩ በቱቦ የሚሠራ ከሆነ የኤሌክትሪክ ክፍሉን የያዘውን ብረት አትክፈቱ። ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

2. ኦም፦ ከሁሉ የሚቀድመው ቁጥር

ገበያ ስንሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ዋት ነው። መቅደም ያለበት ግን ኦሙ ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ወይም በአሮጌው ስፒከር ማግኔት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ምትኩም ያንኑ ያህል መሆን ይኖርበታል። በትራንዚስተር በሚሠራ አምፕሊፋየር ላይ ኦሙ ከታዘዘው ያነሰ ስፒከር ብናስር ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ አምፕሊፋየሩ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ኦሙ ከፍ ካለ ግን በአብዛኛው የሚቀንሰው ጉልበቱ ነው። የቱቦ አምፕሊፋየር ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም መራቅን አይወድም። ከሁሉ የከፋው ስፒከር ሳይታሰርለት መጫወት ነው፤ ይህ ውድ የሆነውን የመውጫ ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለት ስፒከር ያለው አምፕሊፋየር ሲሆን ስሌት ያስፈልጋል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ሲገናኙ፣ ድምሩ 4 ኦም ይሆናል። በተከታታይ፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ሲታሰሩ ግን 16 ይሆናል። የፌንደር ትዊን ሪቨርብ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ባለ 16 ኦም ስፒከሮች ገዝተን ብንገጥምበት ድምሩ 8 ይሆንና ከአምፕሊፋየሩ ጋር አይስማማም። የሮላንድ ጄሲ-120 ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ከ1975 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የተሠራው ይህ አምፕሊፋየር በውስጡ ሁለት ባለ 60 ዋት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱን ስፒከር ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የሁለቱን ሽቦ በፍጹም አንድ ላይ አታገናኙ።

3. ዋት፦ የሸክም ልክ

በስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት መሸከም የሚችለውን እንጂ የሚሰጠውን ድምፅ አይናገርም። በአህያ ላይ ከአቅሟ በላይ እንደማይጫን ሁሉ፣ 40 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየርም በ25 ዋት ስፒከር ላይ አይጫንም። አምፕሊፋየር ድምፁ እስኪሻክር ሲገፋ ደግሞ ከተጻፈለት ዋት በላይ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የስፒከሩ ዋት ቢያንስ እኩል፣ ይልቁንም ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

በዚህ ላይ ስም እንዳያታልለን እንጠንቀቅ። የእንግሊዙ ሴለሽን ኩባንያ "ቪንቴጅ 30" የሚባለው ስፒከር የሚሸከመው 60 ዋት ነው፤ 30 ስሙ ብቻ ነው። "ጂ12ቲ-75" የሚባለው ግን በእርግጥም 75 ዋት ነው። የታወቀው "ግሪንባክ" 25 ዋት ነው። እንግዲህ አንድ ባለ 12 ኢንች፣ ባለ 8 ኦም ስፒከር ለሚይዘው 40 ዋት የፌንደር ሆት ሮድ ዴሉክስ፣ ግሪንባክ ብቻውን አይበቃም፤ ቪንቴጅ 30 ግን ይችለዋል። በካርቶን ላይ "ማክስ" ወይም "ፒክ" ተብሎ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥርም አትመኑ፤ "አርኤምኤስ" የሚለውን ፈልጉ።

4. ዴሲቤል፦ የድምፁን ጉልበት የሚወስነው

ለአብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነጥብ ነው። ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው ድምፅ በዴሲቤል ይጻፋል። ጂ12ቲ-75 በ97፣ ቪንቴጅ 30 ደግሞ በ100 ዴሲቤል ይታወቃሉ። ልዩነቱ 3 ብቻ ቢመስልም፣ 97ቱ ከ100ው ጋር እኩል እንዲሰማ እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ማለትም ስፒከር በመቀየር ብቻ የአምፕሊፋየሩን ጉልበት እጥፍ ወይም ግማሽ ያደረግነው ያህል ነው።

አዳራሻችሁ ትንሽ ከሆነና ጊታሩ የመዘምራንን ድምፅ የሚውጥ ከሆነ፣ ዴሲቤሉ ዝቅ ያለውን ምረጡ። ከመድረክ በቀጥታ የሚወጣውን ድምፅ ሚክሰሩ ላይ ያለው ወንድም ሊቀንሰው አይችልምና። የጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ ፊት ለፊት እንደ ባትሪ ብርሃን ይወረውረዋል፤ ስለዚህ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሕፃናት ጆሯቸው ሲጎዳ፣ ከጎን የቆመው ጊታር ተጫዋች ላይሰማው ይችላል። አምፕሊፋየሩን ወደ ኋላ ጋደል አድርጎ ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ማዞር ያለ ምንም ወጪ ይረዳል። ሕዝቡ የሚዘምረውን ቃል መስማት አለበት፤ መሣሪያው የመጣው ዝማሬውን ሊያግዝ ነው።

5. ሞንታርቦ ውስጥ ያለው ስፒከር ለምን አይሆንም?

የጊታር ስፒከር ድምፁን እንዳለ የሚያስተላልፍ ዕቃ አይደለም፤ ራሱ የመሣሪያው አካል ነው። በግምት ከ75 እስከ 5,000 ኸርዝ ያለውን ያሰማል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሻካራ ድምፅ ይቆርጣል። የሞንታርቦ ስፒከር ግን ለስብከትና ለሙዚቃ ሁሉ የታሰበ ነው። ትልቁ ወፍራሙን፣ ትንሿ ሆርን ቀጭኑን ይካፈላሉ፤ ትልቁን ብቻውን ፈትታችሁ ለጊታር ብትገጥሙት የተደፈነ ድምፅ ይሰጣችኋል።

የዚህም ተቃራኒ እውነት ነው። የጊታር ዝቅተኛው ክር 82 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ የቤዝ ጊታር ግን 41 ነው። ቤዝ ወይም ኪቦርድ በጊታር አምፕሊፋየር ላይ እየሰካን ከሆነ አዲሱም ስፒከር እንደ አሮጌው ይበላሻል።

ስለ ማግኔትም እናንሳ። ፌራይት ርካሽና ጠንካራ ነው። አልኒኮ ውድ ሲሆን ብዙዎች ለስላሳነቱን ይወዱለታል። ኒዮዲሚየም እጅግ ቀላል ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ከቦታ ወደ ቦታ ለሚጓዝ አገልግሎት ይጠቅማል። ለአጥቢያ አገልግሎት ፌራይት ይበቃል።

6. አገጣጠም

ባለ 12 ኢንች ስፒከር ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን የብሎኖቹን ቀዳዳዎችና የማግኔቱን ጥልቀት አስቀድማችሁ ለኩ። ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ፣ ተራ በተራ አጥብቁ፤ ከመጠን በላይ ከተጠበቁ ክፈፉ ይጣመማል። ካቻቪቴው ሾልኮ ወረቀቱን እንዳይበሳም ተጠንቀቁ።

ሁለት ስፒከሮች ካሉ አቅጣጫቸው አንድ መሆን አለበት። በ1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ለአፍታ ንኩት፦ የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ሲገናኝ ወረቀቱ ወደ ፊት ይገፋል። አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ከሄዱ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

ማጠቃለያ

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ፦ የአምፕሊፋየሩን ሞዴል፣ ኦሙን፣ ዋቱን፣ የስፒከሩን ስፋትና ጥልቀት እንዲሁም አሁን ያለው ድምፅ ይበዛ እንደሆነ ወይም ያንስ እንደሆነ። ከውጭ አገር ለሚልክላችሁ ወገንም ይህንኑ ወረቀት ላኩለት፤ "ጥሩ ስፒከር ላክልን" ማለት ብቻውን አይበቃምና። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ያስተማረው ምሳሌ ለዚህም ይሠራል፦ አስቀድሞ ተቀምጦ ማስላት ከኋላ ጸጸት ያድናል።

መልካም አገልግሎት ይሁንላችሁ።