ክራንክሻፍት ሲቀየር፦ ከግዢ በፊት ልኬት

ክራንክሻፍት የፒስተኖችን የላይና የታች ምልልስ ወደ ዙር እንቅስቃሴ የሚለውጥ የሞተር ዋና ዘንግ ነው። በሰበታ ወደ ጅማ፣ በቡራዩ ወደ አምቦ፣ በሱሉልታ ወደ ጎጃም የሚመላለሱ ተሽከርካሪዎች ይህ ዘንግ ሲጎዳባቸው ባለንብረቶቹ ምትኩን ፍለጋ ወደ መርካቶ ሱማሌ ተራ ይሄዳሉ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ነባሩን ሞተር አድሶ መጠቀም ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

ከዋናው አምራች ውጪ የሚሠሩ ክራንክሻፍቶች በአሠራራቸው ይለያያሉ። ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰው ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ግሎ የተቀጠቀጠው ብረት ግን ተደጋጋሚ ጫናን የበለጠ ይቋቋማል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ የሞተር ጉልበትም ይቀንሳል። ይህን ለማካካስ ተርቦ የሚገጠምለት ሞተር በዘንጉ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ስለሚጨምር፣ የተቀጠቀጠው ተመራጭ ይሆናል።

ገዢ ከመክፈሉ በፊት የሞተሩን ኮድ ማመሳከር፣ ቤሪንግ የሚያርፍባቸውን የዘንጉን ክፍሎች በማይክሮሜትር ማስለካትና ስንጥቅ አለመኖሩን በማግኔት ማስመርመር ይገባዋል። ያገለገለ ዘንግ ተፈግፍጎ ሲቀጥን ቤሪንጉ በዚያው ልክ መወፈር አለበት፤ የተለመዱት እርከኖች 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሊ ሜትር ናቸው። ላዩ በናይትሮጅን የጠነከረ ዘንግ ሲፈገፈግ ጠንካራው ሽፋን ሊነሳ ስለሚችል፣ እንደገና ማጠንከር ያስፈልጋል።

ልኬቱ የተዘለለ ዘንግ በጉዞ ላይ ቢሰበር የሞተሩን ብሎክ ጭምር ያበላሻል፤ በግዢ የተቆጠበውም ገንዘብ በእጥፍ ይወጣል።